ስንዴ ለምኔ፦ ከእናቴ ጋር በካንሳስና በኦክላሆማ ሜዳ

(በማኅበራችን የመገናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር። ለዓመታዊ መጽሐፉ እንዲስማማ ጥቂት ታርሟል።)



የአዘጋጅ ኮሚቴው አባላት ደውለው «ከእራት በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ተናገሪ» ሲሉኝ ርእሱን ጠየቅኋቸው። «የፈለግሽውን፤ ብቻ ሰው እንዳይተኛብሽ» አሉኝ። እንግዲህ የእርሻ ተማሪ በልቶ ከጠገበ በኋላ የማይተኛው ስለ ምግብ ሲወራ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ምግብ ላውራችሁ። ባለፈው ነሐሴ ከቤተሰቤ ጋር ከዴንቨር ተነሥተን ፕሬሪ የሚሉትን ሣራማ ሜዳ አቋርጠን ኦክላሆማ፣ ስቲልዎተር ድረስ በመኪና ሄደን ነበር። በመንገድ ላይ ያየነውንና የበላነውን እነግራችኋለሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ የማቀርበው ሐሳብ አለኝ፤ እሱን ለማስፈጸም እናንተን እፈልጋለሁ።

ለምን ስቲልዎተር? እዚህ ያለነው ትላልቆቹ እናውቀዋለን፤ ለልጆቹ ስል ግን ከመነሻው ልጀምር። የኦክላሆማ የእርሻና መካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ኢትዮጵያን ጎብኝተው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ። ኋላም ፕሬዚዳንት ትሩማን «ፖይንት ፎር» የተባለውን የቴክኒክ ርዳታ ፕሮግራም እንዲመሩ ሾሟቸው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1951 ኢራን ውስጥ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ከባለቤታቸው ጋር ሞቱ። የጀመሩት ነገር ግን አልቆመም። በ1952 ውሉ ተፈረመ፤ ሥራው በጅማ ተጀመረ፤ በ1956 ኮሌጁ ወደ አለማያ ተዛወረ፤ በ1958 ጃንሆይ መርቀው ከፈቱት። የኦክላሆማ መምህራን እስከ 1968 ድረስ ከኛ ጋር ቆዩ። ማስተማርን፣ ምርምርንና ኤክስቴንሽንን በአንድ ግቢ አዋሕዶ መያዝ ከዚያ የተወረሰ አሠራር ነው። እኔ አለማያ የገባሁት እነሱ ከሄዱ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ የተማርኩበት ሥርዓት ሥሩ እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ልጆቼ ይህን ሥር እንዲያዩት ፈለግሁ።

መኪናው ውስጥ አምስት ነበርን። ባለቤቴ ይነዳል። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄና የአሥር ዓመቱ ወንድሟ ከኋላ አሉ። ከጎኔ ደግሞ እማዬ፤ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ከጨርጨር፣ ከአሰበ ተፈሪ ወጣ ካለች መንደር እኛን ልትጠይቅ የመጣች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ማሽላ ስትዘራ፣ ስታርም፣ ስትፈጭ፣ ስትጋግር የኖረች ሴት ናት። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ይሄ የኔ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ፊታችሁን አይቼ አውቃለሁ።

ሌላው ነገር፣ ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ሕፃን ሳይቀር የሚጾመውን ጾም እማዬ መንገድ ወጣሁ ብላ አትፈታም። እናም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማትቀምስ ሴት ይዘን፣ በሬና አሳማ እንደ ጨው በየወጡ ውስጥ ወደሚገባበት አገር ጉዞ ጀመርን። ቦርሳዋ ውስጥ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሚጥሚጣ ነበረ። «ምግብ ባጣ በዚህ እመለሳለሁ» አለች።

ኮሎራዶን ለቅቀን ካንሳስ ስንገባ ተራራው ጠፋ። እማዬ ግራና ቀኝ አየችና «ተራራ ከሌለ ሰዉ መንገዱን በምን ያውቃል?» አለች። መልሱ ትንሽ ቆይቶ መጣ። በየአሥርና ሃያ ኪሎ ሜትሩ፣ ከሩቅ፣ ነጭና ረጅም ሕንጻ ብቅ ይላል። ቤተ ክርስቲያን መስሏት ማማተብ ጀምራ ነበር። ጎተራ ነው ስንላት አላመነችም። የአገሩም ሰው ቢሆን የሜዳው ካቴድራል ይለዋል፤ ስለዚህ ብዙም አልተሳሳተችም። በየባቡር ሐዲዱ ዳር የቆሙት እነዚህ ጎተራዎች ናቸው የመንደሮቹ ምልክት።

የምዕራብ ካንሳስ ማሳ ከአውሮፕላን ሲያዩት ክብ ክብ ነው። ውኃ የሚረጨው ረጅም ቧንቧ በጎማ ላይ ሆኖ መሐሉን ይዞ ስለሚዞር ነው። ውኃው የሚወጣው ኦጋላላ ከሚባለው የከርሰ ምድር ክምችት ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ዝናብ ከሚተካው በላይ ስለሚሳብ ደረጃው ከዓመት ዓመት እየወረደ ነው። ይህን ለልጆቼ ሳስረዳ ሐሮማያ ሐይቅ ትዝ አለኝ። ከመኝታ ክፍላችን ወጥተን ዳር ዳሩን የተንሸራሸርንበት ውኃ ደርቆ ከብት ሲግጥበት ፎቶውን ያየን ሰዎች፣ ፓምፕና ደለል ምን እንደሚያደርጉ ማንም እንዲነግረን አያስፈልግም። ካንሳሶችም እኛም የምንማረው አንድ ትምህርት ነው፤ ውኃው ገና እያለ መማር ግን ይቀላል።

ውኃ እየቀነሰ ሲሄድ ገበሬው ወደምን ያዘነብላል? በቆሎ ውኃ ይፈልጋል። ድርቅ ሲመጣ ጸጥ ብሎ የሚጠብቅ፣ ዝናብ ሲመለስ እንደገና የሚነሣ እህል አለ፤ እሱም ማሽላ ነው። ካንሳስ ደግሞ በአሜሪካ በማሽላ ምርት ቀዳሚዋ ክፍለ ግዛት ናት። እኔ ይህን በመጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ለእማዬ ግን አልነገርኳትም ነበር። ኮልቢ የምትባል ከተማ ካለፍን በኋላ፣ ራሱን ያወጣ አረንጓዴ ማሳ ከመንገዱ ዳር እስከ ሰማይ ጥግ ተዘርግቶ አየች። «አቁም! አቁም!» አለችው ባለቤቴን። ወረድን። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ማሳው ጠጋ አለችና ቅጠሉን፣ አገዳውን፣ ራሱን ዳሰሰች።

«ማሽላ ነው» አለች። ቀጥላ «ምነው ድንክ ሆነ?»

እውነቷን ነው፤ ቁመቱ ከወገቧ ብዙም አይበልጥም። በጨርጨር የሚያድገው ማሽላ ሰው ይውጣል። አገዳው አጥር ነው፣ ማገዶ ነው፣ የከብት መኖ ነው፤ ጣፋጩ ጥንቅሽ ደግሞ የልጆች ከረሜላ ነው። እዚህ ግን የሚያጭደው ማሽን ስለሆነ፣ ገበሬዎቹና አዳቃዮቹ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ አጫጭሩን እየመረጡ አሳጠሩት።

ይህን እያስረዳኋት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ፒክአፑን አቁሞ መኪናችን ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀን። አይደለም፣ እናቴ ማሽላውን ልታይ ፈልጋ ነው አልነው። ገረመው። እሱ «ማይሎ» ነው የሚለው፤ ያገሩ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው። ከእናቴ ጋር ሊያወራ ፈለገ፤ እሷም እንዲሁ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ባለቤቴ ክንዴን ያዘኝና ልጃችንን ወደ ፊት ገፋ አደረጋት። «አንቺ አስተርጉሚ» አላት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። ገበሬው የእናንተ አገር ማሽላ ምን ያህል ይረዝማል አለ። እማዬ እጇን ዘረጋች፤ አልበቃትም። ባለቤቴ እጁን እንዲያነሣ ነገረችው፤ ከሱም በላይ ጨመረችበት። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ሣቀ። እናንተስ ምን ታደርጉበታላችሁ አለችው። አብዛኛው ለከብት ነው፣ ከፊሉም ለነዳጅ አልኮል ይሸጣል አላት። ልጄ ስትነግራት እማዬ ደነገጠች። «የሰው እህል ለከብት? ለከብት እኮ አገዳው ነው!» እሱ ደግሞ እንዴት እንደምትበሉት ንገሪኝ አለ። ይኼኔ ልጄ ተቸገረች። ሊጥ፣ እርሾ፣ አብሲት፣ ምጣድ፣ አክንባሎ፤ አንዱንም በእንግሊዝኛ አታውቀውም፤ ግማሹንም በአማርኛ አታውቀውም። ወደ አያቷ ዞረችና፣ በአማርኛ፣ «እማማ፣ አብሲት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

እኔ ቤት ውስጥ አሥር ዓመት አብሲት ጥያለሁ። አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ለማታውቀው ሰው ማስረዳት ሲኖርባት ጠየቀች። እማዬም መንገድ ዳር ቆማ፣ ከሊጡ ላይ ጥቂት ወስዶ በፈላ ውኃ ማብሰሉንና መልሶ መቀላቀሉን በእጇ እያሳየች አስተማረቻት። ገበሬው ሁሉንም በጥሞና ሰማ። ሲለየን «እዚህ አርባ ዓመት ዘራሁት፤ ሰው ሲበላው ምን እንደሚመስል የነገረኝ ሰው አልነበረም» አለን።

መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ባለቤቴ «እማማ፣ እርስዎ ዛሬ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኑ» አላት። እውነትም እንደዚያ ነበር።

ያን ዕለት ያደርነው ሄይስ ነው። በዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ የሰፈሩት ከሩስያ ቮልጋ ወንዝ ዳር የመጡ ጀርመኖች ናቸው። ቢሮክ የሚባል ምግብ ይዘው መጥተዋል፤ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ ጥቅል ጎመንና ሽንኩርት በዳቦ ሊጥ ጠቅልለው ይጋግሩታል። ሳምቡሳ ዳቦ ሆኖ ቢወለድ እሱን ነው የሚመስለው። ማሳ ውስጥ ለሚውል ሰው በኪስ የሚያዝ ምሳ ነበር። ወንዱ ልጄ ሦስት በላ። እማዬ ያለ ሥጋ፣ ጎመኑና ሽንኩርቱ ብቻ ይቻል እንደሆነ አስጠየቀች። ሊጡ ወተትና እንቁላል አለበት ተባለ። ወደ ቆሎዋ ተመለሰች፤ የእኛን ግን ሽታውን አሽትታ «ጥሩ እጅ ነው» አለች። በማግስቱ ቪክቶሪያ በምትባል ትንሽ መንደር እነዚሁ ገበሬዎች በ1911 አሠርተው የጨረሱትን፣ ባለ ሁለት ማማ ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተሳለመች። ስንዴ ሸጠው ይህን ያቆሙ ሰዎች እግዚአብሔር ይባርካቸው አለች።

ከሄይስ በስተ ሰሜን ኒቆዲሞስ የምትባል መንደር አለች። ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁሮች በ1877 ከኬንታኪ መጥተው የመሠረቷት ናት። ዛሬ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ሆናለች። ስሟን ስትሰማ እማዬ «በሌሊት የመጣው ኒቆዲሞስ?» አለች። እንደምትሉት ጊዜ አልበቃንምና አልሄድንባትም፤ ነገር ግን የዚያ አካባቢ ጥቁር ገበሬዎች ጤፍ ዘርተው እንደሞከሩ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ዘመዶቻችን አይደሉም እንዴ?» አለች።

ወደ ደቡብ ታጥፈን ኒውተን አካባቢ ስንደርስ የስንዴው አገር ነው። በነሐሴ ስንዴው ታጭዶ ገለባው ብቻ ነው የቀረው። እ.ኤ.አ. በ1874 ሜኖናይት የሚባሉ የክርስቲያን ወገኖች ከደቡብ ሩስያ ሲሰደዱ፣ ተርኪ ሬድ የተባለውን በመጸው የሚዘራ ጠንካራ ስንዴ ይዘው መጡ። ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀምጠው ምርጥ ምርጡን ፍሬ በእጅ እያስለቀሙ፣ በየሻንጣቸው ከተቱት እየተባለ ይተረካል። ዛሬ በዚያ ሜዳ የሚበቅለው የዳቦ ስንዴ አብዛኛው የዘር ሐረጉ ወደዚያ ይመለሳል። ጎሰል በምትባል ትንሽ ከተማ ይህን ታሪክ የሚያሳይ ቤተ መዘክር አላቸው። እነሱ የሚጋግሩት ስቪባክ የሚባል ዳቦ አለ፤ አንድ ድቡልቡል በሌላ ድቡልቡል ላይ የተቀመጠ ነው። በደረቁ ጠብሰው ለመንገድ ስንቅ ያደርጉት ነበር። እማዬ ስትሰማ ቦርሳዋን ከፍታ ዳቦ ቆሎዋን አሳየችን፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ነው አንድ ስም የነገርኳት። ጓደኞቼ፣ የሰብል ሳይንስ ያነበባችሁ ታስታውሱታላችሁ። በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወሎ የተሰበሰቡ ሁለት የማሽላ ዝርያዎች በላይሲን እጅግ የበለጸጉ መሆናቸውን አሳተሙ። የወሎ ገበሬ ግን ላይሲን የሚባል ነገር ሳያውቅ ምርጥ ማሽላውን «ወተት በጉንጬ» ብሎ ጠርቶታል። ሌላውን ደግሞ «ስንዴ ለምኔ» ብሎታል። በስንዴው አገር መሐል ቆመን ይህን ስነግራት እማዬ ከት ብላ ሣቀች። ከዚያ የራሷን አገር ዝርያዎች ትቆጥር ጀመር። ሙይራ፤ ፈንድሻ፤ ወገሬ። የቱ ለእንጀራ፣ የቱ ለቂጣ፣ የቱ ለንፍሮ፣ የቱ ወፍ ይወደዋል፣ የቱ አገዳው ይጣፍጣል። ልጄ በስልኳ ትጽፍ ነበር፤ በላቲን ፊደል፣ እንደሰማችው። አሥራ አንድ ስም ሞላች። «አሁን ስንቱን ይዘራሉ?» አለቻት። እማዬ በጣቷ ቆጠረች። «እኛ መንደር ሦስት፤ ሌላው ማሳ ጫት ሆኗል» አለች።

መኪናው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ልጄ በመጨረሻ «ታዲያ ስምንቱ የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀች። ይህን ጥያቄ ነው ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት።

ከኒውተን ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ነድተን ፍሊንት ሂልስ ደረስን። ረጅም ሣር የሚበቅልበት ፕሬሪ በአንድ ወቅት የአሜሪካን መሐል አገር የሸፈነ ነበር፤ ዛሬ የቀረው ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ክፍል ያለው እዚህ ነው። ምክንያቱም ከአፈሩ ሥር ያለው ባልጩት ማረሻ አላስገባም፤ ድንጋዩ ሣሩን አዳነው። ጥቂት ጎሾችም መልሰው አስገብተውበታል። ሣሩ በነሐሴ ቆሞ ይወዛወዛል። እማዬ አንዱን ጨብጣ «ሰንበሌጥ!» አለች። ባለሙያዎቹ መምህሮቻችን ይመሰክሩልኛል፤ ያ ሣር፣ የኛ ሰንበሌጥ፣ በቆሎና ማሽላ በሣር ቤተሰብ ውስጥ የአንድ ነገድ ልጆች ናቸው። ያለ ዕጽዋት ጥናት፣ በእጇ ዳስሳ ነው ያወቀችው።

የኦክላሆማን ወሰን ስንሻገር የፖንካ፣ የቶንካዋና የኦቶ-ሚዙሪያ ሕዝቦች አካባቢ ነው። ሜዳው ከገበሬው በፊት የነሱና የመሰሎቻቸው ነበር። ፖንካዎች በ1877 ከነብራስካ ተገድደው ነው ወደዚህ የተወሰዱት። አንዲት እናት በመንገድ ዳር የሚሸጡት ጥብስ ዳቦ ነበር፤ ዱቄት፣ ጨውና ውኃ ብቻ፣ በአትክልት ዘይት የተጠበሰ። ሁለቴ አስጠይቀን አረጋገጥን። እማዬ ቀምሳ «ይሄማ ፓስቲ ነው» አለች። ይህ ምግብ የተፈጠረው መሬቱን የተቀማ ሕዝብ በራሽን ከሚሰጠው ዱቄት መሆኑን ስነግራት ግን ማኘኳን ቀስ አደረገች። «በችግር የተጀመረ ምግብ፣ ልጅ ሲያድግበት የደስታ ይሆናል» አለች። እሷ የሰባ ሰባትን ድርቅ ያየች ሴት ናት፤ ከመጽሐፍ የተናገረችው አይደለም።

የኦክላሆማ ምክር ቤት በ1988 የክፍለ ግዛቱን ብሔራዊ ማዕድ በሕግ ደንግጓል። ጥብስ ባምያ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ጥቁር ዓይን ያለው አተር፣ የአሳማ ባርቤኪው፣ በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ሥጋ፣ እንጆሪ፣ ሌላም ሌላም ያለበት ረጅም ዝርዝር ነው። ይህን የሚያቀርብ ምግብ ቤት ገብተን ተቀመጥን። አተሩን እናዝዝላት አልን፤ በአሳማ ነው የተቀቀለው። «ለአተር ደግሞ አሳማ ምን ሊጨምርለት ነው?» አለች። የበቆሎ ዳቦው እንቁላል አለበት። ባምያው በወተት ተነክሮ ነው የሚጠበሰው። አስተናጋጇ ልጄ የምታስረዳትን እየሰማች፣ ምን ዓይነት ጾም እንደሆነ ጠየቀችና ወጥ ቤት ገብታ ቆይታ ተመለሰች። ባምያ በበቆሎ ዱቄት ብቻ ተንከባሎ በዘይት የተጠበሰ፣ ያለ ቅቤ የተቀቀለ በቆሎ እሸት፣ የተቆራረጠ ቲማቲም ይዛ መጣች። እማዬ ሚጥሚጣዋን ነሰነሰችበት። ያን የመሰለ ምሳ ጨርሶ አልበላንም። ባምያውም አተሩም ወደዚያ አገር የገቡት በባርነት ከተጫኑ አፍሪካውያን ጋር ነው። አሁን የሌላ ሰው ማዕድ ሆነው በሕግ ተጽፈዋል፤ ይዘዋቸው የመጡት ሰዎች ስም ግን አልተጻፈም።

ማዕዱ ሲያልቅ አስተናጋጇ በትንሽ ብልቃጥ ጥቁር ቡናማ ማር የመሰለ ነገር አመጣች። «ይሄ ጾም ነው፤ ከማሽላ አገዳ ብቻ ነው የሚሠራው» አለች። አገዳውን ጨምቀው፣ ጭማቂውን በሰፊ መጥበሻ እስኪወፍር ያፈሉታል። እማዬ በጣቷ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። «ጥንቅሽ» አለች። ወንዱ ልጄ «ጥንቅሽ ምንድን ነው?» አለ። እሱም ጠየቀ ማለት ነው።

ስቲልዎተር ስንደርስ ግቢውን ዞርን። በዶክተር ቤኔት ስም የተሰየመውን ጸሎት ቤት አየን። እማዬ «ያስተማሩሽ እኚህ ሰው ናቸው?» አለችኝ። እሳቸው ከሞቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የተወለድኩት አልኳት። «ታዲያ ዘር የጣለ ሰው መቼ እህሉን ሁሉ ይበላል?» አለችና ነፍስ ይማር ብላ አማተበች። ለልጆቼ ደግሞ የሌላ ሰው ታሪክ ነገርኳቸው። በኦክላሆማ ርዳታ በተቋቋመው የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማሩት፣ በ1973 ከአለማያ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከዚያ ሜዳ ወደኛ የሄደው ትምህርት በማሽላ በኩል ለብዙ የአፍሪካ ገበሬ ደረሰ። የኛ ማሽላም ወዲያ ሄዷል፤ በ1963 በቴክሳስ የተጀመረው ረጃጅሙን የሞቃት አገር ማሽላ ለአሜሪካ ማሳ የማስማማት ፕሮግራም ከኢትዮጵያ የሄዱ ዝርያዎችም ነበሩበት። እንግዲህ ያ ኮልቢ ያገኘነው ገበሬ ለዘመዳችን ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ።

የቮልጋ ጀርመኖች ቢሮክን፣ ሜኖናይቶች ስንዴያቸውን፣ አፍሪካውያኑ ባምያቸውን እስከ ዛሬ ያቆዩት ምግቡ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጥሩ ምግብም ይጠፋል። የቆየው የጠየቀ ልጅና የመለሰ ሽማግሌ በአንድ ገበታ ስለተቀመጡ ነው። ዘሩን በተመለከተ ኢትዮጵያ ዕድለኛ ናት፤ በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ ብዙ ሺህ ናሙና ይዟል፤ የአለማያ የማሽላ ምርምርም ሥራውን አግዟል። ባንክ ግን ፍሬውን ነው የሚያቆየው። ሙይራ እንዴት እንደሚቦካ፣ የቱ ለወላድ እንደሚሰጥ፣ የቱን ዝንጀሮ እንደሚመርጥ የሚያውቁት እናቶቻችን ናቸው። እነሱ ደግሞ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። እያንዳንዳችን አንድ ገጽ እናዘጋጅ። አንድ እህል ወይም አንድ ምግብ፤ በየትኛው መንደር፤ በምን ስም፤ እንዴት ይዘራ፣ እንዴት ይበላ እንደነበር። ጠያቂው ልጅ ይሁን፤ ጸሐፊውም ልጅ ይሁን፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በትግርኛ፣ በምታውቁት ቋንቋ፤ ከጎኑ በእንግሊዝኛ። አያት ከሌለ በስልክ ይደወል። ገጾቹን ማኅበራችን ሰብስቦ ለዩኒቨርሲቲው ያስረክብ። እናንተ መምህራን ደግሞ ስሞቹን ከምርምር ጣቢያውና ከዘር ባንኩ መዝገብ ጋር እንድታመሳክሩልን እለምናለሁ። የልጄ ስምንት ስሞች ባንክ ውስጥ ካሉ እሰየው፤ ከሌሉ ደግሞ የት እንደምንፈልጋቸው የሚያውቅ ሰው ገና በሕይወት እያለ እንወቀው።

የልጄን ገጽ ይዤ መጥቻለሁ፤ መውጫው በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አጻጻፉ ፊደል ይጎድለዋል፤ አሥራ አንዱም ስም ግን አለ። ከጎኑ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀምጫለሁ። እማዬ ጳጉሜ ላይ አገሯ ገብታለች፤ በየእሑዱ የምትደውልላት ግን እኔ አይደለሁም፣ ልጄ ናት። አሥራ ሁለተኛውን ስም ባለፈው ሳምንት ነግራታለች።